መርዶዬን የጻፈው ፕሮግራም

እኔ ወሬ ስጀምር ከጥግ ነው የምጀምረው፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። ይህን ግን አዙሬ ማምጣት አልቻልኩም። የአንድ ወንድሜን መርዶ የነገረኝ ሰው አይደለም፤ እኔው ራሴ የጻፍኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ያውም መርዶ ከባለቤቱ እንዲደብቅ ብዬ የሠራሁት ፕሮግራም።

ፍሬሕይወት እባላለሁ። የምኖረው ለንደን፣ ሆሎዌይ፣ ከካሌዶኒያን ሮድ ብዙም በማይርቅ፣ እንደ ቀበሌ ቤት ባለ የካውንስል ፍላት ውስጥ ከአባቴ ከአቶ ደምሴ ጋር ነው። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ እሱን ተዉት፣ የሚወራም አይደል። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። በዚያን ጊዜ በዚህች ምድር ላይ የእኔ የምላቸው ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አባቴና አዳማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ።

እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ባለች ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሊስፕ በሚባል በዕድሜ ጠና ያለ የፕሮግራም ቋንቋ እሠራለሁ። ሊስፕ ቅንፍ ይወዳል፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ ይደረድራል። አባቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «ለዚህ ሁሉ ቅንፍ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?» አሉኝ። «አዎ» ብላቸው «እንግሊዝ ገንዘብ በዝቶበታል» ብለው ሄዱ።

የእኔ ሙያ በተለይ አንድ የሊስፕ ፕሮግራም ሌሎች ፕሮግራሞችን እንዲያዝ ማድረግ ነው። አትፍሩ፣ ከባድ ነገር አይደለም። ደብዳቤ የምትጽፉበት ፕሮግራም ሆነ ኢሜይል የምትልኩበት፣ ለሰው ከሚታየው ገጽ ሌላ ለፕሮግራም ብቻ የተተወ በር አለው። ኢንተርፌስ ይባላል። የእኔ ፕሮግራም በዚያ በር ይገባና «ገጽ ክፈት፣ ይህን ጻፍ፣ ለእነ እገሌ ላክ» ይለዋል፤ ያኛውም፣ ሰው ኪቦርድ ሳይነካ፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ሲያልቅ ደግሞ «በቃ፣ ለቅቄሃለሁ» መባል አለበት። ካልተባለ ማንም ሳያየው ከጀርባ ተቀምጦ ትእዛዝ ሲጠብቅ ይኖራል።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። የሰሜን ለንደን ሐበሻ፣ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሙስሊሙም፣ የተሰበሰበበት እድር ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ተወልደ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ እትዬ ፀዳለ ናቸው፤ ጉሮሯቸው የማይደክም። ሰው በሞተ ቁጥር እትዬ ፀዳለ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርማ! ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ፣ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ተሄዶ ነው የሚነገረው። ለንደን ላይ ደግሞ ሰዉ በየፈረቃው ነው፤ አንዱ ይሰማል፣ አንዱ አይሰማም፣ አንዱ ለቅሶ ቤት የሚደርሰው ሳምንት ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ተወልደ «ፍሬ፣ በዚህ ኮምፒውተርሽ አንድ ዘዴ አታገኚልንም?» አሉኝ። አገኘሁላቸው። እትዬ ፀዳለ ስልካቸው ላይ መርዶው ለማን እንደሆነ፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ማን እንደሞተ ይሞላሉ። የእኔ ፕሮግራም ያንን ተቀብሎ የጽሑፍ ፕሮግራሙን ማስታወቂያ ያስጽፈዋል፣ የኢሜይል ፕሮግራሙን ደግሞ ለአባላቱ ሁሉ ያስልከዋል፣ ከባለመርዶው በቀር። ይቺን «በቀር» ለመሥራት ስንት ቀን ነው የለፋሁባት! ባለመርዶው ስሙ በፍጹም እንዳያመልጥ ሦስት ጊዜ ቼክ ታደርጋለች። እድርተኞቹ የመረቁኝ ምርቃት በቁሜ ገነት ያስገባኝ ነበር።

እድሩ ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝ አንድ ነገር ቢኖር «ይህ ነገር የት ሆኖ ነው የሚሠራው?» የሚል ነው። አየር ላይ ይመስላቸዋል። የሚሠራው መኝታ ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔም ብሆን፣ የሰው ሁሉ መርዶ በእኔ ጠረጴዛ እንደሚያልፍ አውቃለሁ እንጂ የራሴም በዚያው እንደሚያልፍ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰው መቼ የራሱን ሞት ያስባል?

ያ ሳምንት ለእኔ የጭንቅ ሳምንት ነበር። ዓርብ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ትልቅ ደንበኛ ፊት የሠራሁትን አሳያለሁ፤ ካልወደዱት ቦታዬ ይታጠፋል፣ በግልጽ ነግረውኛል። ሐሙስ ማታ ተንገላትቼ ቤት ስገባ አባቴ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

«ሙሉጌታ ስልኩን ሰረቁት አሉ» አሉኝ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ። «እንዳትደውዪ። አዲስ ሲያወጣ እሱ ራሱ ይደውላል።»

«ድሮስ እሱ ስልክ ይዞ ያውቃል? እጁ ላይ ያለውን የሚያስሰርቅ!» አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ስሙንም አላነሣሁት።

ዓርብ ጠዋት አባቴ እስከ በሩ ሸኙኝ። አይሸኙኝም ነበር ሌላ ጊዜ። ግንባሬን ሳሙና «ቀን ይውጣልሽ፤ ፊትሽን አታጨማድጂባቸው» አሉኝ። ቀናኝ። ደንበኞቹ አጨበጨቡ፣ አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ። ቤት ገብቼ ስነግራቸው «ተመስገን» አሉና ዓይናቸው ሞላ። የደስታ ነው ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው ነገሩ የሆነው። ያ የእድሩ ኮምፒውተር ሰሞኑን እየተንቀራፈፈ አስቸግሮኝ ነበር። ሳየው፣ ፕሮግራሜ የጽሑፍ ፕሮግራሙን አዝዞ አዝዞ ሲያበቃ በአግባቡ አይለቀውም ኖሯል፤ የማይታዩ ቅጂዎች ከጀርባ ተከማችተዋል። የት ላይ እንደሚይዘው ለማየት ሁለት ነገር አደረግኩ። ተደብቆ ይሠራ የነበረውን የጽሑፍ ገጽ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አደረግኩት፤ በየመስመሩም ትንሽ ቆም እያለ እንዲሄድ አዘዝኩት። ከዚያ ብርቱካን እየላጥኩ መሞከሪያ የሚሆን ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ምንም ሳልልክለት ፕሮግራሙ ራሱ ተነሣ፤ እትዬ ፀዳለ አንድ መርዶ ሞልተው ልከዋል ማለት ነው።

ገጹ ተከፈተ። «ለእድራችን አባላት በሙሉ» ብሎ ጻፈ።

«ውይ! ማን ሞተበት ደግሞ?» አልኩ ለራሴ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐሳቤ ፕሮግራሙ ላይ ነበር። ጥሩ መሞከሪያ በእግሩ መጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል።

«መርዶ የሚነገረው ነገ እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አለ ሁለተኛው መስመር። ቆም አለ። ከዚያ የቦታውን ስም ጻፈ። የእኛን ብሎክ! ከላይ ሐዋ የምትባል የወሎ ልጅ አለች፤ እናቷ ከታመሙ ሰንብተዋል። «አይ ሐዋ! አይ እናቷን!» ብዬ ደረቴን ያዝኩ። ምን ሠርቼ ይዤላት እንደምወጣ ሁሉ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

አራተኛው መስመር መጣ። «መርዶ የሚነገራት እህታችን ወይዘሮ ፍሬሕይወት ደምሴ ናት።»

ክው አልኩ። ብርቱካኑ ከእጄ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ደግሜ አነበብኩት። ሰሜን ለንደን ውስጥ ሌላ ፍሬሕይወት ደምሴ የለችም፤ እድሩ ውስጥስ ስሙን ሁሉ ያስገባሁት እኔ አይደለሁ? እትዬ ፀዳለ አስበው፣ ተጨንቀው፣ ያቺ እኔ የለፋሁባት «በቀር» ላይ ስሜን ጽፈዋል። ማሽኑም ታማኝ ነው፣ ኢሜይሉን ለእኔ አይልክም። ግን የሚጽፈው ዓይኔ ሥር ነበር።

እጄ ቀድሞኝ «አቁም» የሚለውን ቁልፍ መታ።

ሊስፕ ሲያቆሙት አይጠፋም። ባለበት ቆሞ ይጠይቃል፦ ልቀጥል ወይስ ልተው? ገጹ ላይ የእኔ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ «ሟች» የሚል ቃል ብቻ። ከዚያ ባዶ። ማን እንደሞተ ማሽኑ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። አንድ ቁልፍ ነው በመካከላችን ያለው፣ ጣቴ ግን እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ወደ አባቴ ነው የሮጥኩት። ምን ልሁን ብዬ ነው? እዚያው ቤት ውስጥ ያሉትን ሰው! ግን ጭንቅላት ያን ጊዜ አይሠራም። ሳሎን ተቀምጠው ኳስ ያያሉ።

«ምነው? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?» አሉኝ።

«ምንም፤ ሻይ ላፍላ ወይ ልል ነው።»

«አፍዪ እንጂ፣ ሻይ በሩጫ ነው የሚጠየቅ?» ብለው ሣቁ። ሣቁ! ይህን ያዙልኝ።

ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ደህና ናቸው። እንግዲያ የቀረው... አላልኩትም። አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። «እሳቸው ይሁኑ፣ አምላኬ፣ እሳቸው ይሁኑ» ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልያችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ሰው አትርፍ ብሎ ሌላውን መስጠት? እኔ በሙሉ ልቤ ጸለይኩት።

ከዚያ ስልኬን አንሥቼ የሙሉጌታን ቁጥር መታሁ። ዝግ ነው። «ተሰርቋል ብለውኛል እኮ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሰው እንደሚሰማኝ ሁሉ። አፌ ላይ እያለ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንቱን ሰው ነው እኛ ራሳችን «ዘመድህ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ ተሰርቋል» እያልን ያቆየነው! በስደት ስንኖር የተማርናት አንዷ ውሸት እሷ አይደለችም እንዴ? አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ግን ይህን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። አባቴ ደግሞ ከማን ሰሙ? አይ፣ እሳቸውንም ዋሽተዋቸው ይሆናል አልኩ። እሳቸውም እንደ እኔ አያውቁም። የደም ግፊት አለባቸው፣ ልጃቸውን የሚወዱት ለጉድ ነው፤ ነገ ጠዋት ሰው ሲግተለተል ቢገባባቸውስ? እትዬ ፀዳለ ስለ እኔ እንጂ ስለ እሳቸው አስበዋል? የፈራሁት እሱን ነው። ወንድሜን ካጣሁ አባቴን ደግሞ በአንድ ጠዋት ልጨምር ነው። ይህን ሳስብ ነው ጣቴ የታዘዘልኝ። «ቀጥል» የሚለውን ነካሁ።

ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ቀጠለ። «ሟች ታላቅ ወንድሟ አቶ ሙሉጌታ ደምሴ ናቸው። በድንገት ሥራ ላይ ሳሉ ወድቀው ነው ያረፉት።»

አልጮህኩም። አፌን በትራስ ያዝኩ። እንባዬም አልመጣም፣ ዓይኔ ደርቆ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙ ግን አልጨረሰም ነበር። ቆም ብሎ፣ እኔው እንዳዘዝኩት ቆም ብሎ፣ የመጨረሻዋን መስመር ጻፈ።

«ማሳሰቢያ፦ አባቷ አቶ ደምሴ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቃሉ። እስከ እሁድ የቆየው እሳቸው ‹ልጄ የዓርቡን ፈተናዋን ትጨርስ፣ ቅዳሜንም ትረፍ› ስላሉ ነው። እባካችሁ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይደውል።»

የወንድሜ ሞት አስደነገጠኝ፤ ይህ ግን ቆሌዬን ገፈፈው። ከሐሙስ ጀምሮ! ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጡት ሰው ልጃቸው ሞቶባቸው ነው። ዓርብ ጠዋት ግንባሬን የሳሙኝ፣ ፊትሽን አታጨማድጂ ያሉኝ፣ ልጃቸው ሞቶባቸው ነው። ያ «ተመስገን» ሲሉ የሞላው ዓይን! አሁን ስለ ሻይ ሲሣለቁብኝ እኮ፣ በስመአብ! ሆድ ይፍጀው ብለው ውጠውት፣ እዚያው ግድግዳው ማዶ ኳስ ያያሉ።

ገጹ ተዘጋ፤ የኢሜይል ፕሮግራሙ ተከፈተ። ከመላኩ በፊትም ቆም ይላል። አሁንም ማቆም እችላለሁ። ባቆመው ግን ነገ ማንም አይመጣም፣ ሰው የለም፣ ጋሽ ተወልደ የሉም። አባቴ ብቻቸውን ቁጭ አድርገው ሊነግሩኝ ነው። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። ተላከ። ያን ሰዓት ስንት ቤት ውስጥ ስልክ እንደጮኸ፣ ስንት ሰው «አይ ፍሬ!» እንዳለ አስቡት። የእኔ ስልክ ጸጥ እንዳለ ነበር።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ሻዩን አፈላሁ። አባቴ እንዳወቅኩ ካወቁ ያ ሁሉ ድካማቸው መና ይሆናል፤ ስለዚህ እኔም ልደብቅ ወሰንኩ። እንዲህ ያለ ማታ አሳልፌ አላውቅም። ራት ሲደርስ አባቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉና ጓዳ ገቡ። ምጣድ ነክተው የማያውቁት ሰውዬ የትናንቱን ፓስታ ሊያሞቁ!

«ብዪ» አሉኝ ሳህኑን አምጥተው። «ምሳም በደንብ አልበላሽም።»

«እርስዎስ? ከምሳ ሳህንዎ ላይም ምንም አልጎደለም።»

«እኔ እበላለሁ፤ አንቺ ብዪ።»

«እርስዎ ካልበሉ አልበላም።»

«እንግዲህ አትጨቅጭቂኝ! ሆድሽ ባዶ አይደር ነው የምለው።»

ነገ ለማልቀስ አቅም እንዲኖረኝ ነው የሚያበሉኝ። እኔም እሳቸውን የማበላው ለዚያው ነው። ሁለታችንም እያኘክን፣ ሁለታችንም መዋጥ አቅቶን፣ ዓይናችንን ኳሱ ላይ ተከልን። ዳኛውን ሰደቡት። እኔም ሰደብኩት። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«መድኃኒትዎን ወሰዱ?» አልኳቸው።

«ወስጃለሁ።»

ሄጄ የሳምንቱን የመድኃኒት ሳጥን ከፈትኩት። የሐሙስ ማታው አለ። የዓርቡ አለ። የዛሬው አለ። ግፊታቸው ሰማይ ደርሶ ቢሆንስ? አንዷን ፍሬ ከውኃ ጋር ይዤላቸው መጣሁና «ረስተዋታል» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ተቀብለውም ዋጧት። «በጊዜ ተኚ» አሉኝ፣ ተነሥተውም ገቡ። ሲገቡ ግድግዳውን ይዘው ነው የሄዱት። ያኔ ነው ነገ ሰዉ እኔን ከቦ ሲያለቅስ እሳቸው ጥግ ይዘው ሲያጽናኑኝ የታየኝ። ይህማ አይሆንም አልኩ።

በማለዳው ደወሉ ሲጮህ አባቴ ሱፋቸውን ለብሰው ነበር። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ተወልደ ገቡ፣ እትዬ ፀዳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ ከላይ ሐዋ ወረደች፣ ከኋላ ደረጃው ሰው ብቻ ነው። አባቴ ለእያንዳንዱ «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ፣ ወንበር ያቀርባሉ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

ጋሽ ተወልደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍሬ ልጄ፣ እስቲ አንዴ ተቀመጪ...»

«ጋሽ ተወልደ፣ እኔን ይተዉኝ» አልኩ። «እኔ ትናንት ሰምቻለሁ። ማሽኑ ነግሮኛል።»

እትዬ ፀዳለ አፋቸውን ያዙ። «ኧረ በእመቤቴ! ስምሽን እኮ ‹አይነገራት› የሚለው ላይ ነው የጻፍኩት! እሱ ይነግርሻል ብዬ በምን ልወቅ!»

«እትዬ ፀዳለ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አሁን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባቴን አርዱልኝ።»

«እሳቸው እኮ ያውቃሉ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተወልደ ቀስ ብለው።

«ማወቁንማ ያውቃሉ። ማን አረዳቸው?»

አባቴ ወንበር እንደያዙ ቆመዋል። «ፍሬ፣ ተዪ» አሉ።

«አባባ፣ ሲነግሩዎት ማን ነበር አጠገብዎ?»

አባቴ ወለሉን እያዩ «ማንም» አሉ። «አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነበርኩ። የሙሉጌታ ጎረቤት ነው የደወለው። ሰምተዋል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ‹እግዜር ያጥናዎ› አለኝ። ‹ለምኑ?› አልኩት። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰዉ ሁሉ ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።»

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏችኋል ይህ ነው። ያን የሚያህል እድር ያለው ሰው፣ መርዶውን ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰማ፤ ሰምቶም እድሩን ለሴት ልጁ መርዶ አዘጋጀ።

ጋሽ ተወልደ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተራምደው የአባቴን ሁለት እጅ ያዙና ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። ከዚያ፣ እንደ ደንቡ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገው ነገሯቸው።

«ወንድሜ ደምሴ፣ በርታ። ልጅህ ሙሉጌታ ሞቷል።»

«ምን?» አሉ አባቴ።

ያን «ምን?» እስክሞት አልረሳውም። ከሐሙስ ጀምሮ የሚያውቁት ሰው፣ ማንም እንዳልነገራቸው ሰው ደነገጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። የጋሽ ተወልደን እጅ ጨብጠው ወደ ሰዉ ሁሉ ዞር ዞር እያሉ አዩ፣ አንዱ «ውሸት ነው» እንዲላቸው እንደሚፈልግ። ከዚያ «ልጄን!» አሉ። «ልጄን! ልጄን! ልጄን!» ሱፋቸውን ቀደዱት። እኔ እግራቸው ሥር ወደቅኩ፤ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። ቤቱ አንድ ላይ ጮኸ። ሐዋ ከኋላ ደግፋ ይዛቸዋለች፣ እትዬ ፀዳለ ደረታቸውን ይመታሉ። ነርስ የሆነች አንዲት የእድሩ ልጅ ግፊታቸውን ለካች፤ ከፍ ብሏል፣ ግን አያሰጋም አለችኝ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ፕሮግራም ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ያን ፕሮግራም እስከ ዛሬ እድሩ ይሠራበታል፤ ከመኝታ ቤቴ ግን አውጥቼዋለሁ፣ ያ የማይለቅበት ችግርም ተስተካክሏል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሬበታለሁ። እትዬ ፀዳለ «ለማን አይነገር?» የሚለውን ሞልተው ሲጨርሱ፣ «እስካሁን የሚያውቀው ማነው? አሁን ከማን ጋር ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ካልመለሱ ወደፊት አይሄድም። መጀመሪያ ሰሞን «ምን ይነዘንዘኛል ይሄ!» እያሉ ይሰድቡት ነበር። አሁን መልሱ ‹ብቻውን ነው› የሆነ ቀን ስልኩን አስቀምጠው ኮታቸውን ያነሣሉ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት ለማያውቀው ሰው ነበር። የሚያውቀውን ሰው፣ ይዞት የሚዞረውን፣ ለሌላው ሲል ፓስታ የሚያሞቀውን፣ አስቤው አላውቅም። እናንተም ምናልባት አላሰባችሁትም። እባካችሁ፣ መርዶ ይዞ ‹ቆይ እስክትፈተን፣ ቆይ እስክታገግም› የሚል ሰው ቤታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ ካለ፣ በርታ ብላችሁት አትሂዱ። አጠገቡ ተቀመጡ። አልቅስ በሉት።

አባቴ ደህና ናቸው፤ መድኃኒታቸውን አሁን ፊቴ ነው የሚውጡት። ባለፈው አንድ የሩቅ ዘመድ ከበርሚንግሃም ሊጠይቃቸው መጥቶ የልጃቸውን ነገር እያነሣ፣ መቼ እንደሰሙ ጠየቃቸው። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ሐሙስ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«እሁድ ጠዋት ነው የሰማሁት» አሉት አባቴ። «ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።»